ባዶዋ በቅሎ

«በቅሎዋ ላይ የተቀመጠ ሰው በማግስቱ ወደ ደባርቅ ይመለሳል» ይላል ከተጓዦቹ አንዱ ጥጋቡ፣ ድንኳን በተተከለ ቁጥር። አምና ተራራውን ስለወጣ ሁሉም አመነው።

አብራቸው የምትጓዘው ሴትዮ ደግሞ ከታች እያየችው ያደገችውን ራስ ደጀንን ሳትረግጥ መመለስ ሞቷ ነው። ያበጠ ጉልበቷን በሻርፕ ጠፍንጋ፣ ለደከመ ሰው የተያዘችውን በቅሎ ባዶዋን አስከትላ ሽቅብ ተጎተተች። መሪው «እትዬ፣ ትንሽ ይቀመጡባት» ሲላት «ምነው፣ አሮጊት መሰልኩህ?» ትለዋለች።

በመጨረሻው ጠዋት ጫፉ እየታያት ጉልበቷ እንቢ አለ። ሌሎቹ በቅሎ የማይረግጠውን ቋጥኝ እየቧጠጡ ሲወጡ እሷ ከባለበቅሎው ጋር ከታች ቀረች።

«እስከዚህ ተቀምጠውባት ቢመጡ ኖሮ ይችን ጫፍ አያጧትም ነበር» አላት።

«እንዳትመልሱኝ ብዬ ነዋ።»

«ማን ሊመልስዎት? ጋሽ ጥጋቡ እንኳ አምና እስከዚህ የመጡት በእሷው ላይ ተቀምጠው ነው።»