ይቅርታ የማትለዋ ልጅ

በየክፍሉ ፖሊስ ይቁም የሚለው ሕግ ከጸደቀ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ «ይቅርታ» ያለ ልጅ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ልጆቹም ቃሉን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ስመኝ ይህ የገባት፣ ልጇ ኬብሮን የጓደኛዋን ጸጉር ስለጎተተች ትምህርት ቤት የተጠራች ዕለት ነው። ስትደርስ ሁለቱ ልጆች አንድ ብርቱካን ተካፍለው እየበሉ ነበር።

«ይኸው ታርቀዋል እኮ!» አለች።

«እርቅ እኛን አይመለከትም። ተጠርጣሪዋ ቃሏን ትስጥ» አለ ፖሊሱ።

«ተጠርጣሪ? የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ!» ወደ መምህርቷ ዞረች። «እርስዎስ ዝም ይላሉ?»

«እኔ እንዳስተምር ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ጠብ የእሳቸው ሥራ ነው።»

ስመኝ እየተብከነከነች ልጇን ይዛ ቤት ገባች። እራት ሲቀርብ ኬብሮን ሳህን ከእጇ አምልጧት ተሰበረ። ወዲያው ፖሊስ እንደሚፈትሸው ሰው ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«ደግሞ እዚያ ምን ይገትርሻል? ይቅርታ በይና ነይ ብዪ!»

ኬብሮን ዝም አለች።

«አንዲት ቃል እኮ ናት፣ በእመቤቴ!»

ስመኝ ግንፍል ብላ ጠረጴዛውን ደለቀችው። ልጅቷ በድንጋጤ ሽንቷ አመለጣት።

የእናትየው ንዴት ባንዴ ጠፋ። ተንበርክካ አቀፈቻት።

«የኔ እናት፣ ስለጮህኩብሽ ይቅር...»

ኬብሮን በትንሿ መዳፏ የእናቷን አፍ ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«እማዬ፣ እንዳትጨርሺው!» አለች እያለቀሰች። «ይወስዱሻል።»