አበልጅ

የሉማሜ ሰው በብዙ ነገር አይስማማም። በአንድ ነገር ግን ይስማማል፤ ሽታዬና አለበል ቢጋቡ ያምርባቸው ነበር።

ሽታዬ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባል የላትም፤ የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ አላት። አባቱ ማን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሰዉ ግን ወደ ደጀን የሚያልፍ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው ብሎ ከወሰነ ቆይቷል። እሷም አላስተባበለችም።

አለበል የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ጾም የማይገድፍ ሰው። አርባ አምስት ሞልቶት ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

እንዳይጋቡ የከለከላቸው አንድ ነገር ነው። የሽታዬ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ክርስትና አባት የሆነው አለበል ነበር። የልጅ እናትና ክርስትና አባት አበልጅ ናቸው፤ አበልጅ ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፤ አይጋባም።

ያን ጊዜ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ለማንሣት የፈቀደ ሰው አልነበረም። ሽታዬ ገና አራስ ሆና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ጠበቀች። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ ከአለበል እግር ላይ ወደቀች።

“አያ አለበል፣ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ!”

የአለበል ፊት ዐመድ መሰለ። “ሌላ ሰው ብትፈልጊ…” ብሎ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ አዩት። እሺ አለ።

“ድፍረቷ!” አሉ ሴቶቹ። “ደግነቱ!” አሉ ወንዶቹ።

ከዚያ ወዲህ ሽታዬ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ እንኳ፣ “አበልጄ፣ እንዴት አደርክ!” ትለዋለች፤ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ።

የሚኒባስ ሹፌሩ ዘመነ ይህን በዝምታ አያልፍም።

“ሽታዬ፣ ለእኛ ቀጭን ሻይ እየሰጠሽ ወፍራሙን ለአበልጅሽ ታስቀምጫለሽ አሉ።”

“እሱ እዚህ ቤት ሻይ ጠጥቶ ያውቃል?”

“ታዲያ ባለፈ ቁጥር እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ምን ሆኖ ነው? ብርጭቆ ጨረስሽ እኮ!”

ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። ሽታዬ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ለቀመች።

አንድ ጊዜ ልጇን ይዛ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ነበር፤ ሥራ ፍለጋ። በሦስተኛው ቀን አለበል አፈላልጎ አገኛት፤ በአውቶቡስ ይዟቸው ተመለሰ። “የክርስትና ልጄ በሰው አገር አይንከራተትም” አለ። ሰዉ መረቀው። ሽታዬ ልጇን አቅፋ እስከ ሉማሜ በመስኮቱ ወደ ኋላ አየች።

ዘንድሮ እናቷ እማማ ጥሩነሽ አልጋ ያዙ።

“የአንቺን ወግ ሳላይ ልሞት ነው” አሉ።

“እማዬ፣ ምን ላድርግ? አበልጅ ነን።”

“ሌላውም ቢሆን እሱን እያየ ይሸሻል። ማን ከአለበል ጋር ይጋፋል?” እማማ ጥሩነሽ ልጃቸውን አዩ። “ደግሞ እኔን አትደብቂኝ። እሱ ሲያልፍ ትንፋሽሽ ቀጥ ይላል። እናትሽ አይደለሁ?”

ሽታዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከፋሲካ በኋላ አለበል፣ አበልጅነቱ ተፈቶ ሽታዬን እንዲያገባ ሽማግሌ ሰበሰበ። የመጻሕፍት መምህሩን የኔታ አካለ ወልድንም ከይጁቤ አስመጣ፤ ያመጣቸው ዘመነ ነው። በእማማ ጥሩነሽ አልጋ ዙሪያ ተቀመጡ። ሽታዬ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆመች።

የኔታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አይሆንም፣ ልጄ። ይህ በጥምቀት የመጣ ዝምድና ነው። እኔ አልፈታውም፤ ማንም አይፈታውም።”

ሽታዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ያዩት ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን መጠጡ።

“ምናለ ያን ቀን ሌላ ሰው በለመነች!” አሉ እማማ ጥሩነሽ።

አለበል ከተቀመጠበት ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

“የኔታ፣ ያልተናዘዝኩት ነገር አለ። አባት የገዛ ልጁን ክርስትና ማንሣት ይችላል?”

“አይችልም።”

“አንሥቶ ቢገኝስ?”

“ክርስትና አባት አይባልም። አባት ነዋ!”

“እንግዲያው እኔ አበልጇ አይደለሁም” አለ አለበል። “ልጁ የእኔ ነው። አሥር ዓመት ፈርቼ ዝም አልኩ።”

ከዚያ እማማ ጥሩነሽ ከተኙበት ቀና ብለው እልል አሉ።

“ያን ምስኪን ሹፌር በከንቱ አማነው!” አለ ዘመነ ጭኑን እየመታ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዐይኑን ጠረገ። አሥር ዓመት የታመቀ ፍቅር፣ እዚያው ጎን ለጎን! የኔታ ገሠጹት፤ ግን ገጻቸው ፈካ።

“ከባድ ንስሐ አለባችሁ። እሱን ስትጨርሱ ግን የሚከለክላችሁ የለም።”

አለበል ወደ ጓዳው ደጃፍ ዞረ። ሁሉም ዞሩ።

“በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ፣ ተናገሪ!” አሉ እናቷ እንባቸውን እያፈሰሱ። “እግዜር እንደገና ዕድል ሰጠሽ!”

ሽታዬ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

“እኔ እሱን ክርስትና አባት ያደረግሁት” አለች፣ “ዳግመኛ የቤቴን በር ሰብሮ እንዳይገባብኝ ብዬ ነበር።”