የመምህር እንግዳው ኢንዶል

እንግዳው ደባርቅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ወሬ ከጀመረ ማቆም እንደማይችል ራሱም ያውቃል። «እኔን ዝም የሚያሰኝ ደወል ብቻ ነው» ይላል።

ያን ቀን ጎንደር የወረደው ለቤተ ሙከራ የሚሆን ኢንዶል ሊያመጣ ነበር። የዕቃ ቤቷ ኃላፊ ምሥራቅ የጣት ያህል ጠርሙስ አውጥታ ስታስፈርመው፣ ሳትጠይቀው ማስረዳት ጀመረ። ነጭ፣ ቅርፊት መሳይ ነገር ነው። ከሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች የተሠራ ሲሆን አንደኛው ላይ ናይትሮጅን አለ። ጠንበለል አበባ ውስጥ ይገኛል፤ ዓይነ ምድር ውስጥም ይገኛል። በጥቂቱ ሽቶ ነው፤ ሲበዛ አፍንጫ ያስይዛል።

«ክዳኑን ብቻ አደራ» አለችው።

መኪና እንዳያመልጠው ቦርሳውን አንጠልጥሎ እያወራ ወጣ።

ሚኒባሱ ዳባትን እንዳለፈ ሸተተ።

መጀመሪያ ያጉረመረሙት ከዳባት ከብት ገበያ የተሳፈሩት አቶ ቢራራ ናቸው። «ኧረ ምንድን ነው ይሄ?» አሉና፣ ዞረው ሕፃን የታቀፈችውን የሺወርቅን አዩ። ሁሉም አያት።

«አሁን አጥቤው ነው የተሳፈርኩ፤ ማርያምን!» አለች የሺወርቅ።

የሰማት የለም። ሹፌሩ ወቅን ከተማ ላይ ሊያወርዳት ፍጥነቱን ቀነሰ። ውጭ ይዘንባል፤ ልጁ ያስላል።

እንግዳው በጉልበቶቹ መሀል ያለውን ቦርሳ ጠበቅ አደረገው። ሊከፍተው ፈራ። ዕድሜ ልኩን ዝም ማለት ያቃተው ሰው ዛሬ ቻለበት፤ ለዚያውም ዝም በማይባልበት ቦታ። በራሱ አፈረ።

«አታውርዳት» አለ። «የኔ ነው።»

«ያንተ ምኑ?» አለ ሹፌሩ።

«ኢንዶል ይባላል፤ ኬሚካል ነው። ጠንበለል አበባ ላይ ያለው…»

«ታዲያ አበባ አበባ አይሸትም?»

«በዝቶ ነው።»

አቶ ቢራራ የገበያ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሰብሰብ አደረጉ። «ማመን ደግ ነው፣ ልጄ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ።

እንግዳው ከነቦርሳው ወረደ። የሺወርቅ በመስኮት ብቅ ብላ «ጽድቅ ይስጥህ» አለችው። ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ዝናቡ በአንገትጌው እየገባ ቁልቁል ወረደ። «ሊቁ እንግዳው!» ብሎ በራሱ ሳቀ። ቢሆንም ልቡ ቀለል ብሎታል፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ወሬው ለሰው ጠቅሟል።

ስልኩ ጠራ። ምሥራቅ ናት።

«መምህር፣ ደባርቅ ሳይገቡ ልንገርዎት ብዬ ነው። ጠርሙሱን እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ረስተውት ሄደዋል።»