የገዥው ደብተር

«ወረቀት የያዘ ሰው ሲጠይቅሽ ከብትሽን አሳንሺ፤ ልጅሽን አብዢ» ብላት ነበር እናቷ፣ ዘርፌ ገና ልጅ ሳለች። ከብት ሲበዛ ግብር ይመጣል። ልጅ ሲበዛ የእርዳታ ስንዴ ይመጣል።

ስለዚህ አቶ ጣሰው የኪስ ደብተራቸውን ዘርግተው ሲጠይቋት ዘርፌ አልተደናቀፈችም።

«ስንት ዶሮ አለሽ?»

«ሁለት።»

«ልጅስ?»

«አራት።»

ዶሮዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ልጇ አንድ ሀና ብቻ ናት።

አቶ ጣሰው የዚሁ የንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ናቸው። ኢኮኖሚ ተምረው ሚኒስትር ሆኑ፤ ከዚያ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆኑና ፊርማቸው በየሰው ኪስ ገባ። ዘንድሮ፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ እህታቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አመጣቻቸው። ጡረታ ነው ተባለ። ማንም አላመነም።

በየቀኑ ከዘርፌ የእንቁላል መደብ ፊት ይቆማሉ። አንገታቸው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ስምሽ ማን ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«ዘርፌ።»

«አንዱ ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት ብር።»

«አሥራ ስምንት ብር፣ አንድ እንቁላል?» ይላሉ እንደ አዲስ። ጻፍ ጻፍ ያደርጋሉ። ሳይገዙ ይሄዳሉ።

አጠገቧ ጨውና ሳሙና የሚሸጠው ዳውድ በሳቅ ይፈርሳል። «ብሩን አትመው አትመው አርክሰውት፣ ዛሬ ባንቺ እንቁላል ይደነግጣሉ። እኒህ ሰውዬ በሬዲዮ ‹ዋጋ ይወርዳል› ያሉ ለታ አባቴ ሮጦ ስኳር ይገዛ ነበር።»

«ስሜን በየቀኑ የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?»

«ትልቅ ሰው ስም አይዝም እቴ። የሚይዘው ግብር ነው።»

አካሄዳቸውም አላማራትም። ሽቅብ ወደ መናኸሪያው ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ። ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። በየሰዉ በር ቆም ብለው ቀለሙን ሳይቀር ያያሉ።

«ቤት እየቆጠሩ ነው» አለ ዳውድ። «ፈቃድ የሌለው ሁሉ ሊለቀም ነው። አንቺ ደግሞ ከፊት ነሽ።»

ዘርፌ የንግድ ፈቃድ የላትም። ከዚህ መደብ ከተነሣች ሀና ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ዘርፌ ራሷ ከስምንተኛ ክፍል እንደ ቀረችው። ሌሊቱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ አድራ ቆረጠች። ያ ደብተር ከእጇ ከገባ ስሟ ያለበትን ገጽ ትቀደዋለች።

በገበያው ቀን አቶ ጣሰው መጡ። ስም ጠየቁ፤ ዋጋ ጠየቁ፤ ተደነቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ደብተሩን እስክሪብቶው እንደተሰካበት መደቡ ላይ አኖሩት። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። ደብተሩን ሳያነሡ ሽቅብ ሄዱ።

«ቅደጂው» አለ ዳውድ በሹክሹክታ። «ማን ያያል።»

ዘርፌ ደብተሩን ገለጠች። አንዱን ገጽ አየች፤ ሌላውን አየች፤ እስከ መጨረሻው አገላበጠችው። በየገጹ ያው ጽሑፍ ነው።

«ስሜ ጣሰው ነው። ቤቴ ሰማያዊው በር ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እንቁላል ሻጯ ዘርፌ ትባላለች። በሁለት ዶሮ አራት ልጅ ታሳድጋለች። ከእሷ ግዛ፤ አትርሳ።»

ዘርፌ እስክሪብቶውን መዛ፣ ከሥሩ «አንድ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዶሮ» ብላ ጻፈችና ሽማግሌውን ልትከተል ተነሣች።