ዐሥር ሌሊት

«ሚላን ሁለት ሌሊት?» ካኒዮ የሰበረውን የለውዝ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ይበትናል። «አብደሃል እንዴ ሮኮ? የሚላን ጣቢያ ብቻውን ይሄን መንደር ከነመቃብሩ ይውጠዋል። አራት በል።»

«ዕድሜህን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ስትበሳ ኖረህ ዛሬ ጄኔራል ልትሆንብኝ ነው?» ይላል አባቴ።

«ስበሳ ነዋ ያየሁት። ቀን ቀን ሁሉም ይራመዳል፣ ማንን ከማን ትለያለህ? ሰው አንድ ቦታ ጋደም የሚለው ሲመሽ ነው። መቁጠር ያለብህ ሌሊቱን ነው። አራት።»

እናቴ በእርሳስ «ሚላን 4» ብላ ትጽፋለች። የገበያ ዝርዝር የምትጽፍ ነው የምትመስለው።

አባቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ከገና ማግስት ጀምሮ ትምህርት እስኪከፈት ያለው ዐሥር ሌሊት ብቻ ነው። ወንድሜን ዶናቶን ሊፈልጉ የሚሄዱት እሱና እናቴ ናቸው። ካኒዮ የዶናቶ የክርስትና አባት ነው፤ ቢሄድ ደስ ይለው ነበር፣ ግን ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ እመለሳለሁ። ዶናቶ ከዚህ ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የሄደው አባቴ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በጥፊ ስላጮለው ነው። ቢያንስ እኛ ቤት የሚባለው እንደዚያ ነው።

ቶሪኖ ሁለት ሌሊት ይደርሳታል፤ የዳቦ ቤቷ ልጅ ባለፈው ዓመት ጣቢያው በር ላይ አየሁት ብላለች። ቦሎኛም ሁለት፣ ባቡር ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ። ቬሮና አንድ። የካኒዮ ጣት ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የባቡር ካርታ ቀዩን መስመር ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄድና ይቆማል።

«ፓዶቫስ?»

«ፓዶቫማ ይቺው ልጃችን አለች» ይላል አባቴ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የምትማረው እዚያ አይደል? በየቀኑ በጣቢያው ነው የምታልፈው። ቢኖር ታየው ነበር።»

እናቴ ከወረቀቱ ቀና ትላለች። «አይደል የኔ ልጅ?»

«አዎ» እላለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ነኝ፤ አንድ ቃል ብቻ መመለሴ ማንንም አይገርምም።

ዶናቶ ፓዶቫ ነው። ከጣቢያው ጀርባ፣ ከብስክሌት ማቆሚያው ግድግዳ ሥር፣ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ሐሙስ ሐሙስ በፔርሙስ ሾርባ እወስድለታለሁ። አንዳንድ ቀን ስሜን ይጠራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማን እንደላከኝ ይጠይቀኛል፤ ማንም አልላከኝም እስክል ድረስ ክዳኑን አይከፍትም።

በጥቅምት «እማዬን ልጥራልህ» ብዬው ነበር። ሾርባውን ጨርሶ አፉን ጠረገ። በማግስቱ ካርቶኑ ብቻ ነበር። ዐሥራ አንድ ቀን ፈለግሁት። ሲመለስ አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም፣ የፊት ጥርሱ ተሰብሯል፣ ሲያስል ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል። «ሁለተኛ ብትዪ አልመለስም» አለኝ። ማልኩለት። ያኔ ገና ብርድ አልነበረም።

«ዘጠኝ» ትላለች እናቴ በእርሳሷ ጫፍ እየነካካች። «አንድ ሌሊት ይቀራል።»

«ቬኒስ» ይላል ካኒዮ።

«ለጫጉላ ነው እንዴ የምንሄደው?»

«አንተ መሐይም፣ ቬኒስም ሰው በረንዳ ያድራል! ደግሞ ከቬሮና ቅርብ ነው። በፓዶቫ በኩል አንድ ባቡር ነው፤ ፓዶቫ ላይ ወርዳችሁ ከልጅቷ ጋር ምሳ በልታችሁ...»

«በምሳ ሰዓት ልጅ አይፈለግም» ይላል አባቴ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። ከካርታው ላይ ዓይኑን አያነሣም። «እኔን ካየ ይሮጣል ብዬ እኮ ነው የምፈራው፣ ካኒዮ። እናቱ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ ራቅ ብዬ እከተላለሁ። እስኪለምደኝ።»

ካኒዮ ለውዙን መስበር ይተዋል። እናቴ ወረቀቱን ወደኔ ታዞረዋለች።

«እናንተ ተዉ፣ እሷ ትምረጥ። ሰሜኑን የምታውቀው እሷ ናት። ይቺን አንዷን ሌሊት የት ብናድር ይሻላል?»

እርሳሱን እጄ ላይ ታደርገዋለች። ሦስቱም ያዩኛል። የከተማዋ ስም አፌ ውስጥ አለ፣ ከንፈሬ ገጥሟል፣ መልቀቅ ብቻ ነው የቀረው። ብለቀው እናቴ ግድግዳው ሥር ትንበረከካለች፤ አባቴ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ዶናቶም ያያቸዋል። ከዚያ በኋላ በዚህ ብርድ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም። ሐሙስም አይኖረኝም። ባልለቀውም አንድ ሐሙስ ካርቶኑ ላይ አልነቃ ሲል፣ እናቴ አንድ ሌሊት ተርፏት እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ።

ካርታውን አያለሁ። በፓዶቫ የማያልፍ መስመር እየፈለግሁ ነው።

«ጄኖቫ» እላለሁ።

«ይቺ ናት ልጄ!» ካኒዮ ጠረጴዛውን ይመታል። «ወደብ ነው፣ ሙቀት አለው። በብርዱ ወራት ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚሸሸው። ማሰብ ማለት ይሄ ነው፤ ሮኮ፣ ከልጅህ ተማር።»

አባቴ አልፎኝ ሲሄድ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ያሳርፋል። ከባድ፣ ሞቃት እጅ ነው። እርሳሱ አሁንም እኔ እጅ ነው፤ የመጨረሻዋን መስመር እኔው እጽፋታለሁ።

«ማደሪያውንም አሁኑኑ ያዢልን» ትላለች እናቴ፤ «ለበዓል ይሞላል።»

እደውላለሁ። ጄኖቫ ያለችው ሴትዮ ድምፅዋ ደስተኛ ነው፤ ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ። ቀኑን እነግራታለሁ፣ የአባቴን ስም ፊደል በፊደል እቆጥርላታለሁ።

«ለስንት ሰው ነው?» ትለኛለች።

«ለሁለት» ልላት ስል ወደ እናቴ እዞራለሁ። ድምፅ ሳታሰማ፣ ሴትዮዋ የምታያት ይመስል፣ ሦስት ጣቶቿን ከፍ አድርጋ ትይዛለች።