ጠብታ በመዳፍ

ወለተ ኪዳን ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለነፍስ አባቷ እንኳ ሌላ ሌላውን ስትዘረዝር ቆይታ፣ እዚህ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ መስቀል ለመሳለም ትጎነበስ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ባሕር ዳርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። የባንዳዎቹ አለቃ ቀኛዝማች ተክለ ጊዮርጊስ በገበያ መካከል ደረቱን በጩቤ ተወጋ። የወጋው ሰው አልተያዘም። የጣልያን ጦር ሐኪም ደረቱን ከፍቶ ልቡን በክር ሰፋና አዳነው። አገሩ በየአጥሩ ሥር ተሳለቀ።

«ልብ የለውም ስንል፣ ለካ ነበረው!»

የተሰፋው ልብ ግን ደከመ። ሐኪሙ ከቅጠል የተጨመቀ መራራ መድኃኒት በጥቁር ጠርሙስ ሰጠው፤ ጧትና ማታ በውሃ ላይ እየተንጠባጠበ የሚጠጣ። አስተርጓሚ አስፈለገ። አስመራ ከደናግል ትምህርት ቤት ጣልያንኛ ተምራ የተመለሰችው ወለተ ኪዳን በወታደር ተጠራች።

አባቷን ለጣልያን የጠቆመው ይኸው ቀኛዝማች ነበር። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እግራቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ደጋግመው ሳያርፉ የማይወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ወታደሮቹ ሊይዟቸው በሄዱ ዕለት ከሐይቁ ዳር ጥምጥማቸው ብቻ ተገኘ። ሰጠሙ ተባለ። ሬሳቸው ሳይገኝ ተዝካራቸው ወጣ።

«ቂም ይዘሽብኛል?» አላት ቀኛዝማች በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ጌታዬ» አለች መሬት መሬት እያየች።

«አቅምስ የለሽም። በይ ቅመሽ!»

የታላላቅ ሰዎች ቤት ወጉ ይህ ነው፤ አሳላፊው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ጌታው ከዚያ ይጠጣል። ወለተ ኪዳንም ጧትና ማታ መድኃኒቱን በመዳፏ ጠብ አድርጋ በፊቱ ትልስ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ኋላ መጨማደዱ ቀረ።

«ምላሴም እንደ እናንተ ተገዛልኝ» ይል ነበር ቀኛዝማች።

ሚስቱ እሜቴ እናትዓለም የፈረንጅ ነገር አልነካም ስላለች፣ ጠርሙሱን የምታስቀምጠው ወለተ ኪዳን ነበረች። ለቤቱ ዓሣ የምትገዛም እሷው ናት። በየማለዳው ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ በደንገል ታንኳው ለደሴቶቹ ገዳማት እህል ከሚያመላልሰው ከቡርሀን ዓሣ ተቀብላ፣ የጨው ነው የምትለውን ትንሽ ቅል ትሰጠዋለች። ጥቂት ይነጋገሩና ትመለሳለች።

ክረምት ሲገባ ቀኛዝማች ባሰበት። ሐኪሙ መጣ።

«እግሬ አበጠ በይው። ተጋድሜ መተንፈስ አልቻልሁም፤ ትራስ ደርቤ ተቀምጬ ነው የማድር።»

ወለተ ኪዳን አንገቷን ደፍታ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ያስመልሰዋል» አለች በጣልያንኛ። «ምግብ አስጠልቶታል። ነጭ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታየዋል።»

ሐኪሙ ቅንድቡን አነሣ። ያበጠውን እግር በጣቱ ሲጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

«ቢጫ ከታየው መድኃኒቱ በዝቶበታል። እብጠቱ ግን…» ትከሻውን ሰበቀ። «የእናንተ ሰው ሰውነት ሕግ የለውም። ሁለት ቀን ይተወው፤ ከዚያ በግማሽ ይጀምር።»

«ምን አለ?» አላት ቀኛዝማች።

«በርትተው ይውሰዱ ነው ያለ፣ ጌታዬ።»

እሜቴ እናትዓለም በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። «እሱ አሥር ቃል ሲያወጣ አንቺ ሁለት ትያለሽ» አለች።

«ቋንቋቸው ረጅም ነው፣ እሜቴ።»

«አጭርስ ዕድሜሽ ነው!»

ሳምንት አለፈ። የቀኛዝማች እብጠት ከእግሩ አልፎ ወደ ሆዱ ወጣ። እሜቴ እናትዓለም ባሏ ፊት ቆመች።

«ይኸ ገዳይ ሐኪም ይብቃዎት። ጎንደር ሌላ አለ አሉ፤ የራሱ አስተርጓሚ ያለው። በካሚዮን ይሂዱ።»

ወለተ ኪዳን በልቧ አሰላች። ሐኪሙ ከተለወጠ ጠርሙሱም ይቀራል፤ የጎንደሩ አስተርጓሚ አፉን በከፈተ ቀን ደግሞ እሷ ትሰቀላለች።

«እኔ አልመርጥልዎትም፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ። «ልብዎን በእጁ ይዞ ያየው ግን ይኸኛው ነው።»

«ሰሙልኝ? ልጂቱ ናት የመረዘችዎ! የአባቷን ደም ልትመልስ!» አለች እሜቴ እናትዓለም።

ቀኛዝማች እያለከለከ ጠርሙሱን አስመጣ። ቡሹን ነቅሎ ሰጣት።

«ዛሬ በመዳፍ አይደለም። ጨልጪው!»

ወለተ ኪዳን የጠርሙሱን እኩሌታ ጠጣች። ፊቷ አልተጨማደደም። እስከ ማታ ከፊቱ አስቀምጦ ጠበቃት። አላስመለሳትም፣ አልዞረባትም። ራቷን ስትበላ አያት።

«ጎንደር አልሄድም» አለ ለሚስቱ። «ይቺ ግማሽ ጠርሙስ ጨልጣ ከተረፈች ሐኪሙ ምን አጠፋ? ሐኪሜ ይኸው ነው።»

ወለተ ኪዳን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያፈረች መሰላቸው።

እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚጮኸው የቀኛዝማች ትንፋሽ ጎህ ሲቀድ ቆመ።

በዚያው ማለዳ፣ የእሜቴ እናትዓለም ዋይታ ጎረቤቱን ሁሉ ወደ ግቢው ሲጠራ፣ ወለተ ኪዳን በጓሮ ወጥታ ወደ ሐይቁ ወረደች። ቡርሀን ታንኳውን አስጠግቶ ይጠብቃት ነበር። መራራ ቅጠል የሚሸተውን ባዶ ቅል መለሰላት።

«ዛሬስ?» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ግማሹ ተስማማቸው» አለ ቡርሀን። «ነጠላቸው ነጭ ሆኖ ታያቸው፣ ገንፎም በሉ፤ አባትሽ ትናንት የገዳሙን ዳገት ሳያርፉ ወጡ።»