በግራ ክንፍ

ሄቨን ለውጭ አገር ክለብ በተሰለፈችበት የመጀመሪያ ጨዋታ ተከላካይዋን አታላ ኳሷን ይዛ በግራ ክንፍ ስትፈተለክ፣ ቤቴል ካፌ ውስጥ በቴሌቪዥን የሚያዩት አባቷ ብድግ ብለው «ልጄ ናት!» እያሉ ጮኹ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ ጥሩብርሃን ጥርሷን ነከሰች። ያንን አታሎ ማለፍ ኮልፌ ሜዳ ላይ ያስተማረቻት እሷ ነበረች። እሷን ግን እኚሁ አባት «ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?» ብለው አስቁመዋታል። «ምነው በወደቀች!» አለች በሆዷ።

ሄቨን ወደቀች። ጉልበቷን ይዛ ተንፈራገጠች። አባትየው የጥሩብርሃንን እጅ ጭምቅ አድርገው ያዙ።

«አየሽ? አንቺን የከለከልኩሽ ይኼንን ፈርቼ ነበር» አሏት።

ሄቨንን በቃሬዛ ሲያወጧት ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበላት። ጥሩብርሃን እንባዋ መጣ፤ ግን በአወዳደቋም ጭምር ቀናችባት።